ሦስት ካርድ ይዞ ባዶ እጅ

እህቴ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት፣ እማዬ ሄዳ እንድታርሳት ለቡ ባለው ቤታችን ቁርጥ ሆነ። ቪዛው ነበራት፤ ጭንቁ ቲኬቱ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ የዶላር ዋጋ ወደ ብር ሲዞር ምን እንደሚያክል ታውቁታላችሁ። «አይዞሽ እማ፣ በማይል አወጣልሻለሁ» አልኳት በኩራት። ለሥራ ስንት ዓመት የተመላለስኩ ሰው ነኛ!

ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሳይ ሦስት ቦታ አባል ነኝ። አንዱ ጋ የሁለት ጉዞ ማይል፣ ሌላው ጋ የአንድ ጉዞ፤ ሦስተኛው ጋ የነበረው ጊዜው አልፎበት ተሰርዟል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሁሌ በዕለቱ ረከስ ያለውን ቲኬት እየገዛሁ፣ እዚያው አዲስ ካርድ እየሞላሁ ነበር። የተበታተነ ማይል ደግሞ አይደመርም።

የሚያሳፍረው ሙያዬ ማርኬቲንግ መሆኑ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዘንድ እንዳይሄድ መሆኑን ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የማወራው እኔው ነኝ።

ታዲያ የትኛውን ልያዝ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ ያለፈውን ሁለት ዓመት ጉዟችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። መነሻችሁ ሁሌ ቦሌ ከሆነ፣ ለአብዛኞቻችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ ይቀናል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአንድ አቅጣጫ ወደ 7,200 ማይል ነው፤ ለሠርግ ባሕር ዳር ደርሳችሁ የምትመለሱበትም፣ ትንሽ ቢሆንም፣ እዚያው ይገባል። አየር መንገዱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ (ዲሴምበር) ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ፣ በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ ወይም በዩናይትድ ስትበሩም የሼባ ማይልስ ቁጥራችሁን መስጠት ትችላላችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ለኢስታንቡሉ ጉዞ ሌላ ካርድ ያወጣሁት። አንድ በረራ የሚመዘገበው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ኤምሬትስ ከእነዚህ ጥምረቶች በአንዱም የለም፤ ኳታር ደግሞ በዋንወርልድ ውስጥ ነው። ዱባይ ለንግድ በየወሩ የሚመላለስና ሁልጊዜ በኤምሬትስ የሚሄድ ሰው ስካይዋርድስ ቢይዝ አልፈርድበትም። በዓመት አንዴ ለሚሄድ ግን ማይሉ መሳቢያ ውስጥ እንደቀረ ሳንቲም ነው።

ሰው የማያነበው ነገር ደግሞ አለ። በጣም የረከሰ ቲኬት ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው ማይል ያነሰ ነው፤ በማይል የወጣ ቲኬትም ታክስና ክፍያ ሊኖርበት ይችላል። የጎልድ ደረጃ የደረሰ ሰው በስታር አሊያንስ በረራዎች፣ በኪሎ በሚሰላበት መስመር 20 ኪሎ፣ በሻንጣ በሚቆጠርበት አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። በርበሬና ሽሮ ለሚጭን ቤተሰብ ይህ ከነጻ ቲኬት አይተናነስም። ጥቅሙ የካርዱ ባለቤት ነው እንጂ ለእናት አይተላለፍም፤ ጠይቄ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የስማችን ጣጣ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም፣ ቲኬት ላይ የአባት ስም፣ ካርዱ ላይ ደግሞ ሌላ የላቲን አጻጻፍ ሲሆን ማይሉ ሳይገባ ይቀራል። ስለዚህ ስትመዘገቡ ፓስፖርቱን አጠገባችሁ ዘርጉት። የመሳፈሪያ ወረቀቱንም ማይሉ መግባቱን እስክታዩ አትጣሉት።

የእማዬን ቲኬት በመጨረሻ እኔና ወንድሜ አዋጥተን ገዛን። ለእረፍት ላንጋኖ የያዝነው ገንዘብ እዚያ ገባ፤ ልጆቹ እስካሁን ያኮርፉኛል። ከመሄዷ በፊት ሼባ ማይልስ አስመዘገብኳት፣ ስሟን ፊደል በፊደል አስተያይቼ። ቦሌ ሚዛኑ ላይ ለገንፎ ያዘጋጀችው የገብስ ዱቄት ሁለት ኪሎ አሳለፈ፤ ዱቄቱን ከሻንጣው ወደ እጅ ቦርሳዋ እያሸጋገርን ተሳሳቅን።

ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ደወለች። ስለ ምጡ፣ ስለ ስሙ፣ ገንፎውን ስላገነፋችበት ድስት ትንሽነት አወራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያ ማይል የምትዪው ገባልኝ ወይ?» አለችኝ። ገብቶላታል።