የካርቦን ሽያጭ ገቢ ለክልሎች ታዳሽ ኃይል ይዋል!

ከፓርቲው ዋና ጸሐፊ

የተከበራችሁ የተክለ ሃይማኖትና የአካባቢው መራጮች፤

ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ያለንን አቋም በሌሎቹ የዚህ ማኒፌስቶ ገጾች ታገኙታላችሁ። ይህ ጽሑፍ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ እምብዛም የማይነሳ፣ ግን ከየቤታችሁ ምድጃ ጋር የተያያዘ ጉዳይን ይመለከታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ወጥ የምንሠራበት ከሰል ከክልል በጭነት መኪና የሚመጣ ነው። በአዊ እንደ ፋግታ ለኮማ ባሉ ወረዳዎች ገበሬው ለከሰል ብሎ ዛፍ ይተክላል፤ በሌሎች ቦታዎች ግን የሚከሰለው የተፈጥሮ ግራር ነው። ከሰሉን ከሚልኩልን ገበሬዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ማታ ማታ በኩራዝ ያመሻሉ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ውጭ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኼ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የሚረዳ ገንዘብ በዓለም ገበያ ላይ አለ፤ የካርቦን ንግድ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። መንግሥታት ፋብሪካዎቻቸው በሚለቁት ጭስ ላይ ጣሪያ ያበጃሉ። ከተፈቀደለት በላይ የለቀቀ ፋብሪካ፣ በታች ከለቀቀው ላይ ፈቃድ ይገዛል። የኪዮቶ ስምምነት ደግሞ በድሃ አገሮች ልቀትን የሚቀንስ ሥራ ሲሠራ፣ የተቀነሰው በቶን ተለክቶ ለበለጸጉት እንዲሸጥ በር ከፈተ። ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው የካቲት 9 ቀን 1997 ዓ.ም ሲሆን፣ አገራችንም በዚያው ዓመት ተቀብላዋለች።

ታዲያ ምን አገኘን? በዚህ አሠራር ከተመዘገቡት ሥራዎች የመላው አፍሪካ ድርሻ ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውን ቻይናና ህንድ ወሰዱት። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአዳዲስ ሥራዎች የሚቀበለውን ክሬዲት እንደኛ ባሉ እጅግ ድሃ አገሮች ላይ ሲወስን፣ ያዘጋጀነው ሥራ እጅግ ጥቂት ነበር። ዋጋውም በዚያን ጊዜ በቶን ከአንድ ዩሮ በታች ወርዶ ነበር። ገበያ ሲከፈት ያልተዘጋጀ፣ ሲዘጋ ይደርሳል።

ሆኖም የሚሠራ ምሳሌ አለን። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ከከብትና ከምሳር ጠብቀው፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ መልሰው አለበሱት። ሥራው በ2002 ዓ.ም በኪዮቶ አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም 165,000 ቶን በ700,000 ዶላር ገደማ ለመግዛት ተዋዋለ። ማኅበራቱ ከገቢው እህል ማከማቻና ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ከሁምቦ የምንማረው ዋና ነገር ሕጋዊ ነው። ማኅበራቱ የደኑ ተጠቃሚነት ማስረጃ በእጃቸው ስለነበር ገንዘቡ ወደ እነርሱ ሄደ። ባለመብቱ ባይታወቅ ኖሮ ሌላ በወሰደው ነበር።

ይህን ከደን ወደ ኤሌክትሪክ ስናመጣው አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ፣ በዋናው መስመር ላይ አሸጎዳን ወይም አዳማን የመሰለ ሌላ የነፋስ ጣቢያ ቢጨመር በአገር ውስጥ የሚተካው ነዳጅ እምብዛም ነው። ያልተተካ ነዳጅ ደግሞ በቶን ተለክቶ አይሸጥም። ስለዚህ የሚሸጠው ቶን ያለው እንጨት፣ ከሰል፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ በሚነድበት ቦታ ነው፤ የፀሐይና የአነስተኛ ወንዝ ኃይል ባልደረሰበት ገጠር፣ የከብት እበት ባዮጋዝ ሊሆን በሚችልበት ጓሮ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ፋንታ እንጨት በሚነድበት ማድ ቤት። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኃይል የምንሸጥላት ጅቡቲ የነዳጅ ጄኔሬተሯን ስታሳርፍም እንዲሁ ነው። ባጭሩ የካርቦን ገንዘብ ሊያግዝ የሚችለው በይበልጥ የተረሳውን ክልልና ወረዳ ነው።

ጥያቄው ገቢው የማን ነው የሚለው ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ በአንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው እንደሚያስተዳድሩት ይደነግጋል። አንቀጽ 98 በጋራ የሚሰበሰበውን ገቢ ሲዘረዝር ከፍተኛ የማዕድን ሥራን፣ ነዳጅንና ጋዝን ይጠቅሳል። ሰነዱ በ1987 ዓ.ም ሲጸድቅ የካርቦን ንግድ ስላልነበረ ስለ እርሱ አንድም ቃል የለም። ይህ ክፍተት በሚኒስቴር መመሪያ ሊሞላ አይገባም። አንቀጽ 99 በሕገ መንግሥቱ ተለይቶ ያልተመደበ ግብር በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወሰን ያዛል፤ በካርቦን ገቢ ላይ የሚጣል ግብርም መወሰን ያለበት በዚሁ መንገድ ነው።

ጉዳዩ አጣዳፊ ነው። በፓሪሱ ስምምነት አንቀጽ 6 ለሌላ መንግሥት የሸጥነው ቶን ከራሳችን ሒሳብ ይቀነሳል፤ ሁለቴ አይቆጠርም። የዓለም አቀፉ ገበያ ዝርዝር ደንብ በኅዳር 2017 ዓ.ም ባኩ ላይ ስለተጠናቀቀ ገዢዎች ውል ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ በርካሽ የተሸጠ ቶን ነገ ልጆቻችን በውድ የሚገዙት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1. የካርቦን ገቢ አዋጅ ያወጣል። ከገቢው 50 በመቶ ሥራው ላለበት ወረዳና ማኅበር፣ 40 በመቶ ለክልሉ የታዳሽ ኃይል ፈንድ፣ 10 በመቶ ለፌዴራሉ መዝገብና ቁጥጥር ይውላል።

2. አንድ ወረዳ ብቻውን የምዝገባና የማረጋገጫ ወጪውን ስለማይችል፣ ትናንሽ ሥራዎች በክልል ደረጃ በአንድ ጥላ ሥር እንዲመዘገቡ ያደርጋል።

3. ከውጭ መንግሥት ጋር የሚደረግ የካርቦን ሽያጭ ውል ሁሉ በአንቀጽ 55 መሠረት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። የተሸጠው ቶንና ዋጋው ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ይሰፍራል።

4. ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንቀጽ 43 እንደሚያዘው የአካባቢው ሕዝብ ሐሳቡን ይሰጣል።

5. ገቢው ለደመወዝና ለመደበኛ በጀት አይውልም።

አምስተኛውን የጨመርነው በምክንያት ነው። የካርቦን ዋጋ አንድ ጊዜ ወድቋል፤ ሊደገምም ይችላል። በዚህ ገንዘብ የተተከለ የፀሐይ ጣቢያ ግን ዋጋው ቢወድቅም ማብራቱን ይቀጥላል። «ንግዱ በካዮች በገንዘባቸው ኃጢአታቸውን የሚያስተሰርዩበት ነው» የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው መሠረት አለው። ለዚህም ነው ሽያጩ በምክር ቤትና በይፋ መዝገብ ይታሰር የምንለው።

የተከበራችሁ መራጮች፤ የክልሉ ገበሬ መብራት ሲያገኝ ግራሩ ይተርፋል፤ የከተማው ነዋሪም ነገ የሚተነፍሰው አየርና የሚጠጣው ውሃ ይተርፍለታል። የክልልና የከተማ ጥቅም እዚህ ላይ አንድ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ «የካርቦኑ ገንዘብ ለማን ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አመዛዝናችሁ ድምፃችሁን ስጡ።