የቤት እመቤትና የውጭ አገር መዝገብ

ባለፈው ሳምንት የሁለት ልጆች እናት የሆኑ አንዲት ወይዘሮ ወደ እኔ መጥተው፥ «በጠበቃ ጽሕፈት ቤት ረዳት ጸሐፊ ሆኜ የአገር ውስጥ መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። አሁን በዓለም አቀፍ ሕግ ጉዳይ እንድረዳ ተጠየቅሁ፤ ባለቤቴ ግን ቤታችን ይፈታል ብለው ይከለክሉኛል፤ ምን ይመክሩኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁና ያየሁትን ነገርኋቸው፤ ለሌሎችም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ከዚህ ጻፍሁት።

ይህ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት በሄግ አደባባይ ቆሞ መከራከር ይመስላል። ረዳቱ የሚደክመው ግን በወረቀት ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔ የሚፈጸምበትን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች። በስምምነቱ በ4ኛው አንቀጽ እንደ ተጻፈው፥ ውሳኔው እንዲፈጸምለት የሚለምን ሰው የውሳኔውንና የግልግሉን ውል ዋና ጽሑፍ ወይም የተረጋገጠ ግልባጭ፥ ቋንቋውም የአገሩ ካልሆነ የተረጋገጠ ትርጓሜ ማቅረብ አለበት። እነዚህን የሚሰበስብ፥ ከዋናው ጋራ የሚያመሳክር፥ የቀጠሮውን ቀን የሚቈጥር ረዳቱ ነው። ጠበቃው በንግግሩ ቢራቀቅ ግልባጩ ከጐደለ ምን ይረባዋል?

የአንድ ግሥ ትርጓሜ ምን እንደሚያመጣ እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በ1881 ዓ.ም. በተደረገው በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ፥ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢወዱ በኢጣልያ አማካይነት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ሊላላኩ ይችላሉ ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ።

የባለቤታቸው ፍርሃት ግን ከንቱ አይደለም። በሄግ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ እንደ ወራቱ 12 ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት ነውና፥ የዚያ አገር ጥድፊያ ከልጆች ራት ጋራ ይገጥማል። እኔም በጐልማሳነቴ መዝገብ ወደ ቤት ይዤ ገብቼ ሌሊት ስገለብጥ፥ ልጄ ታማ ስታለቅስ ፊቴን ሳልመልስ ቆየሁ፤ ለካስ አንድ መስመር ዘልዬ ኖሮ በማግሥቱ በዳኛ ፊት አፈርሁ። ልጄን አላባበልሁ፤ ሥራዬንም አልሠራሁ።

ስለዚህ የባለጉዳይ መዝገብ ከቤት አይግባ፤ ምስጢርም ነውና። ትምህርቱ ግን ይግባ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን አንዱ ከዋናው ሲያነብ ሌላው በግልባጩ ይከተል ነበር። ወይዘሮዋም ታትሞ ለሁሉ የተገለጠውን የስምምነት ጽሑፍ ታላቁ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ያንብብላቸው፥ እሳቸው በአማርኛው ይከተሉ፤ ልጁም ቋንቋ ይማርበታል። ቀጠሮ ያለበትን ሳምንት ደግሞ አስቀድመው ለባለቤታቸው ይንገሩ፤ በዚያ ሳምንት ልጆቹን አብልተው የሚያስተኙ አባት ይሁኑ። ይህን ስጽፍ አንዳንድ ጌቶች እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ ይሳቁ።

ትላንት ወይዘሮዋ መልእክት ላኩብኝ፤ ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ቀጠሮ በእጃቸው ጽፈው ከጓዳው በር ላይ ለጥፈውታል። ቀጠሮው በሚመጣው ወር ነው፤ ልጆቹን ማን እንዳስተኛ ያን ጊዜ እጠይቃለሁ።