ከምስክር ወረቀቱ በፊት ዕውቀቱ ይቅደም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በአዘዞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። «ቨርቹዋላይዜሽን በሚባለው የኮምፒውተር ሙያ ለመሠማራት ከየት ልጀምር?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወጣቶች እየበዙ ስለ ሄዱ፥ በዚህ ዓምድ ሐሳቤን እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ ለማያውቁት አንባብያን በአጭሩ እንዲህ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሃይፐርቫይዘር የተባለ ፕሮግራም ሲጫን፥ የማሽኑን ጉልበት፥ ሜሞሪና ማከማቻ ከፋፍሎ፥ በውስጡ ራሳቸውን የቻሉ የሚመስሉ ብዙ ኮምፒውተሮች እንዲሠሩ ያደርጋል። የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በፋሲል ግቢ በአንድ የግንብ አጥር ውስጥ የልዩ ልዩ ነገሥታት አብያተ መንግሥት እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ቆመው ይታያሉና። ብልሃቱም አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፥ የማሽን ዋጋ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን፥ አንዱን ለብዙ ሰው ለማካፈል የጀመረው ነው። ዛሬ የክላውድ አገልግሎት የሚባለው በአብዛኛው በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አባቱ በሬ ሸጠው የሰጡትን ገንዘብ ለአጭር ሥልጠና ከፍሎ፥ ያማረ የምስክር ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን «ሁለት ማሽኖች አልገናኝ ቢሉህ በመጀመሪያ ምኑን ታያለህ?» ብዬ ብጠይቀው፥ ስለ አይ.ፒ. አድራሻ እንኳ አልተማረም ኖሮ መልስ አጣ። የተማረው በአንድ ድርጅት ፕሮግራም ላይ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ብቻ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ በሬው ግን አይመለስም።

ቁልፍ መጫን ብቻ የተማረ ሰው፥ ቁልፉ የተለወጠ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነውን ቪኤምዌርን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ገዝቶ ከጠቀለለው በኋላ የፈቃድ አሸጣጡ ስለ ተለወጠ፥ በየአገሩ ብዙ ድርጅቶች እንደ ፕሮክስሞክስ ያሉትን ሌሎች ፕሮግራሞች መመልከት ጀምረዋል። መሠረቱን የሚያውቅ ሰው ግን ፕሮግራሙ ቢለወጥ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ይህ ነው። አስቀድሞ የኔትዎርክን አሠራር፥ ቀጥሎ ሊኑክስን ተማሩ። ከዚያ በኋላ ባገለገለ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋልቦክስን ወይም ኬቪኤምን ያለ ክፍያ ጫኑ፤ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል፥ 16 ቢሆን ይሻላል። ማሽኑ እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ በባዮሱ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ማብሪያ ተዘግቶ እንዳይሆን ተመልከቱ። ሁለት ሦስት ማሽኖች ፈጥራችሁ አገናኙ፤ ሆን ብላችሁ አበላሹና ጠግኑ፤ ያደረጋችሁትንም በደብተር ጻፉ። ለአሠሪ ከወረቀት ይልቅ የሚናገረው ይህ ደብተር ነው። የታወቁት ፈተናዎች ክፍያቸው በዶላር ስለ ሆነ፥ ከዚህ በኋላ ቢደረስባቸው አይዘገይም።

ለእኛ ለአካባቢው ሰዎች ሌላም ጥቅም አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ በስልኩ ይማር የነበረ ሁሉ ተቸግሮ ነበር። ፋይሎቹን አስቀድሞ ያወረደ ተማሪ ግን፥ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሙሉ ኔትዎርክ ዘርግቶ ያለ ኢንተርኔት ሊለማመድ ይችላል።

«የድኻ ልጅ ኮምፒውተሩን ከየት ያመጣል?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው እውነተኛ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ነጻ ሥልጠና የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም የሚለማመድበት ማሽን የሌለው ልጅ ከሥልጠናው ሙሉ ጥቅም አያገኝም። መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች አሮጌ ብለው በመጋዘን የሚያከማቿቸውን ኮምፒውተሮች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢሰጡ፥ ትምህርት ቤቶችም የኮምፒውተር ክፍላቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ቢከፍቱ፥ ችግሩ በብዙ ይቃለላል። እኔም በበኩሌ ቅዳሜዬን ለዚህ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ወላጆችም በሬውን ከመሸጣቸው በፊት፥ ልጃቸውን «እስካሁን በእጅህ ምን ሠርተሃል? እስቲ አሳየን» ብለው ይጠይቁት እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር
ከአዘዞ