የአርባ ቀን ዕድል

በመርሳ ከተማና በሀብሩ ገጠር አንዲት እናት ምጥ በያዛት ጊዜ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቿ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይጣራሉ፤ ሙስሊሞቹ እናቶችም ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ሕፃኑ በደኅና ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፥ ገንፎውም ይገነፋል። በምጡ የሞተች እንደ ኾነ ግን የሁሉም ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» የሚል ነው።

የአርባ ቀን ነገር በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ የታወቀ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በእስልምና ትምህርትም ፅንሱ ሦስት ጊዜ አርባ ቀን ከቈየ በኋላ መልአክ ተልኮ ሲሳዩንና ዕድሜውን፥ ሥራውንና ፍጻሜውን ይጽፋል።

እንዲህ ያለው አሳብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በባልቲክ ባሕር አጠገብ የሚኖሩት የላትቪያና የሊትዌንያ ሕዝቦች በጥንት ዘመን ላይማ የምትባል አምላክ ነበረቻቸው፤ ስሟም በቋንቋቸው ዕድልና ደስታ ማለት ነው። ወላድን የምትረዳ፥ ለሚወለደውም ሕፃን ዕድሉን የምትቈርጥለት እርሷ ናት ይሉ ነበር። የላትቪያ ሴቶች በእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ይወልዱ ስለ ነበር ምስጋናቸውን በዚያው ያቀርቡላት ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ የቈረጠችውን ራሷም እንኳ ልትለውጠው አይቻላትም ተብሎ ይታመን ነበር።

ዕድል ኀዘንተኛን የሚያጽናና ቃል ነውና አንነቅፈውም። የሚነቀፈው የሰውን ቸልታ መሸፈኛ ሲኾን ነው። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከወሊድ ጋራ በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ግምቱ ወደ 412 ወርዷል። የእነዚያ ሁሉ እናቶች ሞት የማይለወጥ ዕድል ቢኾን ኖሮ፥ በ16 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች እንደ ምን ሊወርድ ቻለ? በመካከሉ የተለወጠው ነገር የሰው ትጋት ነው፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተሰማርተዋል፥ በጤና ጣቢያ የሚወልዱትም በዝተዋል።

ስለዚህ የቤት አባወራ የኾነ ሁሉ ሚስቱ ፀንሳ ሳለች በየጊዜው እንድትመረመር ይርዳት። ቤቱ ከመንገድ የራቀ እንደ ኾነም፥ ቀኗ ሳይደርስ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቈያ ይውሰዳት። ምጡ ሲጠና ሌሊቱን «ይነጋል» እያሉ መጠበቅ ዕድልን መቀበል ሳይኾን እናትን መተው ነው።

የተጻፈውን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ቃሬዛውን የሚያነሣ ግን ባልና ጎረቤት ነው።