የጣራው መስኮት እምቢ ያለ እንደሆነ

በሐምሌ ወር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መሥሪያ ቤት ከገባ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ጓደኛዬ፣ በብድርም በዕቁብም ብሎ የገዛትን ያገለገለች መኪና ደጃችን ላይ አቁሞ፣ ከመሪው ኋላ እንደ ተቀመጠ ሰማዩን ያያል። የሚያየውም በጣራዋ በኩል ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ሰንሩፍ» የሚባለው የጣራ መስኮት ተከፍቶ አልዘጋ ብሎታል። በእንጦጦ በኩል ደመናው ጠቁሯል።

ያን ሌሊት ላስቲክ አልብሰን አሳደርናት። በማግሥቱ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ መጫኛውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና፣ «ሞተሩ ሞቷል። ወይ ይቀየር፣ ወይ ገፍተን ዘግተን በሲሊኮን እናሽገው» አለን። ለሞተሩ የተጠየቀው ዋጋ ከጓደኛዬ የወር ደመወዝ ይበልጣል። እኔም ይታሸግ ብዬ ፈረድሁ። ዲግሪ ከያዝሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ፍርድ ለመስጠት ግን አልዘገይም።

ያዳኑን የሰፈራችን አንድ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ በቅርቡ ባትሪ አስቀይረህ ነበር?» አሉት።

«አዎን ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ሲከፈትም እየተንቀረፈፈ ነው።»

«መጽሐፏስ የት አለ?»

መጽሐፏ ከነላስቲኩ ከመሳቢያው ውስጥ ተኝቷል። እኛ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን አንድ ቀን እንኳ ገልጠነው አናውቅም። ሲነበብ እንዲህ ይላል፤ መስኮቱ የት ላይ እንደሚከፈትና የት ላይ እንደሚዘጋ በማስታወሻው ይይዛል፤ ባትሪው ሲነቀል ይህ ሊጠፋበት ይችላል፤ ያን ጊዜ መጫኛውን ወደ መዝጊያው በኩል ይዞ መቆየት ነው። እንደ መኪናው ዓይነት አደራረጉ ይለያያል። ጓደኛዬ ተጭኖ ያዘው። መስታወቱ ጥቂት ጥቂት እየተንፏቀቀ ሄዶ ገጠመ። አንድ ብር አልወጣም። (ይህን ስታደርጉ እጃችሁን ከመስኮቱ አርቁ፤ በዚህ ሰዓት ጣትን የሚያድነው ብልሃት ላይሠራ ይችላልና።)

ይህን የማወራው መካኒኮችን ለመስደብ አይደለም። የእኔ ክርክር ከራሳችን ጋር ነው፤ ሳንጠይቅ ወደ ፍርድ የምንሮጥ እኛው ነን። የጣራ መስኮት ሕመሙን የሚናገር ዕቃ ነው። ከጣራው ሥር አንድ ትንሽ ሞተር አለ፤ እርሱ ሁለት ጠንካራ የሽቦ ገመዶችን ይገፋል፤ ገመዶቹም መስታወቱን በግራና በቀኝ ሐዲድ ላይ ያንሸራትቱታል። እንግዲህ መጫኛውን ተጭናችሁ ጆሮ ስጡ። ምንም ድምፅ ከሌለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ አስቀድሞ የሚታየው ፊውዙ ነው። ፊውዝ ሲቀየር በዚያው በአምፔሩ ልክ ይሁን፤ ከፍ ያለ ማስገባት ወይም በሽቦ ማያያዝ መኪናን ለእሳት መዳረግ ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ መጨመር አይገባም፤ ዐዋቂ ይጠራል። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ካልተነቃነቀ ግን ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይም ጥርሱ ተበልቷል። አንዱ ጎን ቀድሞ ሌላው ሲቀርና መስታወቱ ሲንጋደድ ደግሞ ቶሎ እጅን ማንሣት ነው፤ በግድ ቢገፋ የሚሰበረው ይበዛል።

ሊዘጋ ደርሶ ተመልሶ የሚከፈተውን ያየ ሰው ጂን ገባባት ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዘመናዊ መስኮቶች የሰው ጣት እንዳይቆርጡ፣ የሚያግድ ነገር ሲገጥማቸው ወደ ኋላ እንዲመለሱ ሆነው ተሠርተዋል። በሐዲዱ ላይ የተጋገረው የበጋ አቧራ ለመሣሪያው እንደ ጣት ይሆንበታል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያም መጽሐፉ ያዘዘው ማለስለሻ ነው። የሞተር ዘይት የሚያፈሱበት አሉ፤ ዘይትና አቧራ ምን እንደሚሆኑ መናገር አያሻም።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ ልመለስ፤ የተሳሳትሁት እዚያ ላይ ነውና። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ጠብታ ሁሉ እንዳይገባ የተሠራ አይደለም። የሚያልፈው ውሃ በዙሪያው ካለው አሸንዳ ላይ ይወርድና፣ በአብዛኛው በአራቱ ማዕዘን ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች፣ በመኪናው ቋሚዎች ውስጥ አድርጎ ከሥር ይፈስሳል። የበጋው አቧራ በክረምት ጭቃ ሆኖ ቱቦውን ሲደፍነው ግን ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ምንጣፉን፣ አልፎም ከምንጣፉ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያርሳል። ያን ጊዜ «ጣራው አፈሰሰ» እንላለን። ሲሊኮን ቱቦውን አይከፍትም። የተሰነጠቀ ዕለት ውሃው ያንኑ የተደፈነ ቱቦ ያገኛል፤ መኪናዋን ሊገዛ የመጣ ሰውም ነጩን መስመር አይቶ ዋጋ ይቀንሳል።

ይህ መስኮት ለአገራችን ምን ይሠራል የሚሉኝ አሉ። የአሜሪካው ናሽ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 በመኪናዎቹ ላይ ሲያቀርበው የአዲስ አበባን ክረምት እንዳላሰበ አምናለሁ። ዳሩ ግን መኪናዋ ከነመስኮቷ ከተገዛች ወዲያ ክርክሩ ያለፈ ነው።

ባለፈው እሑድ፣ ጋሼ ቆመው እያዩን፣ በአሸንዳው ማዕዘን ሁሉ አንድ አንድ ሲኒ ውሃ አፈሰስን። በሦስቱ የፈሰሰው ወዲያው ከመኪናዋ ሥር ታየ። አራተኛው፣ በሹፌሩ ኋላ ያለው፣ ቆሞ ቀረ። ጓደኛዬ በአየር መንፊያ እንምታው አለ፤ ጋሼ ቱቦው ከመጋጠሚያው ይወልቃል ብለው ከለከሉት። ወፍራም የናይሎን ክር ቀስ እያደረግን ሰደድን። ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገልን በኋላ አንድ እፍኝ የማይሞላ ጥቁር ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ወጣ፤ ተከትሎም ውሃው። ጓደኛዬ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረውን ላስቲክ አጣጥፎ ወደ ቤት አስገባው።