ኳስ ለማየት የግድ ቢራ ቤት መግባት አለብን?

ዛሬ በዚህ አምድ ስለ ዝውውርም ሆነ ስለ አሰልጣኝ ስንብት አናወራም። የምናወራው ስለ መጠጥ ቤት ንግድ ፈቃድ ነው። የስፖርት ገጽን ከንግድ ፈቃድ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በሀገራችን የአውሮፓን ኳስ የምናየው በአብዛኛው ግሮሰሪና መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወረዳው ለመጠጥ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሳያስበው ለስታዲየምም ፈቃድ እየሰጠ ነው ማለት ይቻላል።

አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ በሚጫወቱበት ቀን በየሰፈሩ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ስክሪኑ ፊት ከተደረደረው ደጋፊ መሃል የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ታገኛላችሁ። ልጆቹ የመጡት ለቢራ አይደለም፣ ለኳስ ነው። የመግቢያ ብር ብቻ ተቀብለው የሚያሳዩ ዲኤስቲቪ ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። ግን በሁሉም ሰፈር የሉም። ዲኤስቲቪ ቤት በሌለበት ሰፈር ልጁ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ግሮሰሪ መግባት፣ ወይ ውጪ ቆሞ በመስኮት ማንጋጠጥ።

በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የአልኮል ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ አድርጓል። ይሄ ለኳሳችን ቀላል ነገር አልነበረም። ሐረር ቢራ፣ ሜታ አቦ ቢራ፣ ዳሽን ቢራ የሚባሉ ክለቦችን በሊጋችን ያየን ሰዎች ነን። ቢራና እግር ኳስ እዚህ ሀገር የቆየ ዝምድና አላቸው። አሁን የቢራው ማስታወቂያ ከስክሪኑ ወርዷል፤ ስክሪኑ ራሱ ግን ቢራ ቤት ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። ልጁ ማስታወቂያውን እንዳያይ ከልክለን ጠርሙሱ አጠገብ 90 ደቂቃ አስቀመጥነው።

ታዲያ ጥፋቱ የባለ ግሮሰሪው ነው? በኛ እምነት እሱ ላይ ብቻ መጫን ልክ አይደለም። ባለ ግሮሰሪው የቤት ኪራይ አለበት፣ የዲኤስቲቪ ክፍያ አለበት፣ የሠራተኛ ደሞዝ አለበት። አንድ ለስላሳ ይዞ ሁለት ሰዓት ወንበር የሚይዝ ደጋፊ ይሄን ሁሉ ወጪ አይሸፍንለትም። ወጪውን የሚመልስለት ቢራው ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲሟሟቅ አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ» ማለቱ አይቀርም። ልጁን ውጣ ቢለው ደግሞ አብሮት የመጣው ታላቅ ወንድሙም ተነስቶ ሊሄድ ይችላል።

የጎረቤቱ ጉዳይም አለ። የሻምፒዮንስ ሊግ ዋና ዋና ጨዋታዎች በኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት ነው የሚጀምሩት። ጨዋታው ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጎል በገባ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ይነቃል። በማግስቱ ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት፣ ሌሊት 11 ሰዓት ታክሲ ይዞ የሚወጣ ሹፌር ለማን ይጮኻሉ? ኳስ አፍቃሪ መሆን ጎረቤትን እንቅልፍ ለመንሳት ፈቃድ አይሰጥም።

እስቲ ኳሳቸውን ሌት ተቀን የምናይላቸውን እንግሊዞች እንመልከት። እዚያ የመጠጥ ቤት ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕጋቸው አራት ነገሮችን እንዲጠብቅ ያዘዋል፤ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ ነዋሪን የሚረብሽ ነገር መከላከልና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ጎረቤት ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ተቃውሞውን ማቅረብ ይችላል። ከተሰጠ በኋላም ፈቃዱ እንደገና ይታይልኝ ማለት መብቱ ነው። ዋና ሥራው መጠጥ በሆነ ቤት ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሥራ ሰዓት ያለ አዋቂ መቀመጥ አይችልም። ስታዲየም ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የእግር ኳስ ደጋፊ ሜዳውን እያየ አልኮል መጠጣት ተከልክሏል። ይሄ ሁሉ ሕግ እያለ መጠጥ ቤቱም ይሠራል፣ ኳሱም ይታያል።

እኛ እንደነሱ ካልሆንን አንልም። ግን ወረዳዎችና የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡና ሲያድሱ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ይላቸዋል? «ኳስ ታሳያለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አሳያለሁ ካለ ግዴታው በጽሑፍ ይሰጠው። አንደኛ፣ ድምፅ ማጉያ ወደ ውጪ እንዳያወጣ፣ በምሽት ጨዋታ በርና መስኮት እንዲዘጋ። ሁለተኛ፣ ታዳጊዎችን የሚያስገባ ከሆነ መጠጥ የማይቀርብበት ክፍል ወይም ሰዓት እንዲለይላቸው። ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ሲታደስ የጎረቤት ቃል እንዲሰማ።

ይሄ ለባለ ግሮሰሪውም ይጠቅመዋል። ዛሬ አንዱ ተቆጣጣሪ መጥቶ የፈቀደውን ነገ ሌላው መጥቶ ቢከለክለው ምን ይዞ ይከራከራል? ግዴታውን በወረቀት ካወቀ ግን ወጪውንም ገቢውንም አስቦ መሥራት ይችላል። በድንገት መጥቶ ማሸግ ሥራ አስፈትቶ ከመሄድ ውጪ ሰፈሩን አላሳረፈም።

የወጣት ማዕከላትና የቀበሌ አዳራሾችም አሉ። ቅዳሜና እሁድ አንድ ስክሪን ሰቅለው በትንሽ ብር ቢያሳዩ፣ ልጆቹ ግሮሰሪ በር ላይ አይሰለፉም። የነገዎቹ ተጫዋቾችም ሆኑ ደጋፊዎች እነዚህ ልጆች ናቸው። ኳስን ከቢራ ጠርሙስ ለይተው እንዲወዱ ዕድሉን እንስጣቸው።