ስለ ጭነት ካሚዮኖች ምርመራ

የጎንደር ከተማና የስሜን ደጋ ጭነት የሚመላለሰው በካሚዮን ነው፤ ምድር ባቡር እስከዚያ አልደረሰምና። ስለዚህ የጭነት ባቡር ሳይነሣ ፍሬኑ ይመርመር የሚለው ሕግ በዚያ አገር የሚተረጐመው በካሚዮን ላይ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 የሚበልጥ ሰው መሞቱ አይዘነጋም፤ ሊማሊሞ ደግሞ ኹለመናው ኩርባ ነው።

ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልጠው ባወጡት በዚህ መንገድ ካሚዮን ሙሉ ጭነት ይዞ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፥ ፍሬኑ አለማቋረጥ ስለሚያዝ ይግላል፤ እጅግ የጋለም ፍሬን አይዝም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ደነገገ። መልካም ነው። ነገር ግን በከተማ ሜዳ ላይ ተመርምሮ የተሰጠ ወረቀት በመስተዋት ላይ ቢለጠፍ የጋለውን ፍሬን አያበርደውም። ይልቁንስ ሕጉ ተጨምሮበት በደባርቅ መውጫ ካሚዮን ኹሉ ከነጭነቱ ቆሞ ሊፈተሽ፥ ጉድለትም ሲገኝ ነጂው ብቻ ሳይኾን ባለንብረቱም ሊጠየቅ ይገባል። ፍሬኑ አይዝም ብሎ ጭነቱን ያቆመ ነጂ ከሥራው የሚሰናበት ከኾነ፥ ለመርማሪው እውነቱን የሚናገር አይገኝም።